ከአንድ ማዕድ ስለማይበላ ባልንጀራ

ባለፈው ወር በሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ሟች የተከበሩ አዛውንት ስለ ነበሩ ድንኳኑ ሞልቶ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ዘመዶች ከየራሽናቸው ሸጠው አዋጡና አንዲት ፍየል ገዝተው አረዱ። ማዕዱ ሲዞር አንድ ጎረቤት፣ ሦስቱንም ቀን ከቤተ ሰቡ ሳይለይ ውሃ ሲቀዳና እንጨት ሲፈልጥ የሰነበተ ሰው፣ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «ስለ እኔ አትቸገሩ፣ ይቅርብኝ» አለ። የሃይማኖቱ ሥርዓት በሌላ እምነት ሰው እጅ የታረደ ሥጋ አይፈቅድለትም። ይህን የማያውቅ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሐዘናችንን ተካፍሎ ማዕዳችንን ተጸየፈ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም በመስማማት ራሴን ነቀነቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስጋደም ግን በምን ነገር እንደ ተስማማሁ ለራሴ መመለስ አቃተኝ። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ሌሊት ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከማዕዳችን የማይበላ ሰው ባልንጀራችን ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ እርሱ ለእኛ፣ እኛም ለእርሱ ምን ዕዳ አለብን?

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ እየተገበያየ፣ በሠርግ እየተጠራራ፣ ለቅሶ እየተደራረሰ ሥጋውን ግን ለየብቻው እያረደ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ደግ ባለ ሠርግ ሁለት ዳስ ይጥላል፤ ለሌላው ወገን ከወገኑ አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱንም ከእነርሱው ቤት አስመጥቶ ያበላል። ይሁን እንጂ ከልጅነት ጀምሮ የለመዱትን ነገር ቆም ብሎ መመርመር ያስቸግራል። ደግሞም የእኛን ጉዳይ በእኛው ላይ ያነሣሁ እንደ ሆነ አንባቢ ወዲያው «ይህ ሰው ለማን ወገን ይናገራል?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄውን ከእኛ ራቅ ባለ ሰው ሕይወት ላይ ልመረምረው ወደድሁ። የመረጥሁትም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚኖር፣ የኦሪትን የምግብ ሕግ የሚጠብቅ አይሁዳዊ ተማሪ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥያቄው ያለ አንዳች መሸሸጊያ ይቀርባል፤ ጣሪያው አንድ ነው፣ ወጥ ቤቱ አንድ ነው፣ ሁሉም እኩል ከፍሏል፣ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ከመካከላቸው ግን አንዱ «አልበላም» ይላል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንወቅ፤ የማያውቁትን ሕግ መውቀስም ሆነ ማክበር አይቻልምና። አይሁድ ለመብል የተፈቀደውን «ኮሸር» ይሉታል፤ ትርጉሙም «የተገባ» ማለት ነው። መሠረቱ እኛም የምናውቀው ኦሪት ነው፤ ይኸውም ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ና ዘዳግም ምዕራፍ 14። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ይበላል፤ አሳማ፣ ግመል፣ ጥንቸል አይበላም። ከውሃ ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ይበላል። እስከዚህ ድረስ የአገራችን ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ባዕድነት አይሰማውም፤ በእርሱም ማዕድ አሳማና ግመል አይቀርብምና።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ይጠብቃል። እንስሳው የሚታረደው በሕጉ በሠለጠነ አራጅ፣ ስለቱ አንዳች ጉድፍ በሌለው ቢላዋ ነው። ከታረደም በኋላ ሳንባው ይመረመራል። ሥጋው ደሙ እንዲወጣለት ግማሽ ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ቀጥሎም ጨው ተነስንሶበት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ሥጋና ወተት በአንድነት አይበስሉም፣ በአንድ ማዕድም አይቀርቡም፤ ይህም ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን ከሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ ሊቃውንቶቻቸው ያወጡት ሥርዓት ነው። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ሳይቀምስ ይቆያል፤ ብዙዎቹ 6 ሰዓት ይጠብቃሉ፣ የጀርመን አይሁድ ልማድ 3 ሰዓት፣ የሆላንዶቹ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ በአጥባቂ ቤት ድስቱም፣ ሳህኑም፣ ማንኪያውም ሁለት ሁለት ነው። ድስት የተበሰለበትን ነገር ጣዕም ይይዛል ስለሚሉ፣ ያልተፈቀደ ነገር የነካው የብረት ድስት በፈላ ውሃ ይነጻል፤ የሸክላ ድስት ግን መንጻት የለውም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ቅባት የነካውን ዕቃ ፈትጋ አጥባ ከምታስቀምጥ እናት እጅ በልተን ላደግን ሰዎች ይህን መረዳት አይከብደንም።

አሁን ተማሪውን እናስበው። እንደ እርሱ ያሉ ብዙዎች ስለሆኑ ስም አንሰጠውም። ዕድሜው 18 ነው። እስከ ትናንት ድረስ ሕጉን ትጠብቅለት የነበረችው እናቱ ናት፤ እርሱ የቀረበለትን ይበላ ነበር እንጂ ስለ ድስቱ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ሻንጣውን ይዞ ከማያውቀው ልጅ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ገባ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በግቢው እንዲያድር፣ የምግቡንም ዋጋ አስቀድሞ እንዲከፍል የሚያስገድዱ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። እርሱም ከፍሏል። ወደ መመገቢያው አዳራሽ ሲገባ ያልቀረበ የምግብ ዓይነት የለም፤ ለእርሱ የሚሆነው ግን ሙዝና ብርቱካን ነው። ሽንኩርቱ በምን ቢላዋ ተከተፈ? ሾርባው በምን ድስት ፈላ? ስለዚህ ፍሬውን በካርቶን ሳህን ይዞ ከጓደኞቹ አጠገብ ይቀመጣል። የኮሸር ወጥ ቤት በሌለበት ግቢ ዋና ምግቡ ከውጭ የሚመጣ፣ እንደ በረዶ የረጋ የታሸገ ምግብ ነው፤ ያንንም በጋራው ማይክሮዌቭ ሲያሞቅ የሌላው ምግብ እንፋሎት እንዳይነካው ሁለት ጊዜ ይጠቀልለዋል። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ እስከ ቅዳሜ ምሽት እሳት አይጭርም፣ የመብራት ማብሪያ አይነካም። ዛሬ ደግሞ የብዙ ግቢዎች በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ካርድ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪከፍት ድረስ በማደሪያው ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ወይም የብረት ቁልፍ ይሰጠኝ ብሎ የሚያመለክት ተማሪ አለ።

አብሮ አዳሪው ክፉ ልጅ አይደለም። ሲያጠኑ አምሽተው ሲርባቸው ምግብ ያስመጣና «ብላ እንጂ» ይለዋል። «አልችልም፣ አመሰግናለሁ» ይላል። በሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አብሮ አዳሪው መጠየቁን ይተዋል። አንባቢ ሆይ፣ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱ ልጆች አልተጣሉም፤ ነገር ግን አንዱ «አይፈልገንም» ብሎ ደምድሟል፣ ሌላውም «ሰለቸሁአቸው» ብሎ ደምድሟል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ስድቡ ከባዕድ ብቻ አይመጣም። አብዛኞቹ የአሜሪካ አይሁድ ይህን ሕግ በሙሉ አይጠብቁም፤ ስለዚህ «በዚህ ዘመን ደግሞ ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ብዙ ጊዜ የገዛ ወገኑ ነው። በአሜሪካ የአይሁድ ማኅበረሰብ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ እንኳ፣ የኮሸር ወጥ ቤቱን እንደ ያዘ፣ በ1987 በሌላው የመመገቢያ ክፍሉ የአሳማ ሥጋ ማቅረብ ሲጀምር ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስለ ሕጉም ምክንያት ሊቃውንቶቻቸው ራሳቸው አልተስማሙም። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ የተከለከሉት ምግቦች ለሰውነት ጤና የማይስማሙ መሆናቸውን እንደ ምክንያት አቅርቧል። በ15ኛው መቶ ዘመን የተነሣው አባርባኔል ግን ኦሪት የሐኪም መጽሐፍ አይደለም ብሎ ተቃወመው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያልጨረሱትን ክርክር አንድ የ18 ዓመት ልጅ በራት ሰዓት እንዲጨርስልን መጠየቅ ግፍ ነው። እኔም የጎረቤቴን ሥርዓት ለማክበር ሥርዓቱን ማመን አያስፈልገኝም፤ ጎረቤቴን ማመን ይበቃኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ እንምጣ። «ራሱን ለየ» ይባላል። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ከአይሁድ የምግብ ሥርዓቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይም የአሕዛብን ወይንና እንጀራ የሚመለከቱት፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር መጋባትን ለማራቅ የተደነገጉ መሆናቸውን የራሳቸው መጻሕፍት በግልጽ ይናገራሉ። አገሩን ያጣ ሕዝብ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ሳይበተን የኖረው ማዕዱን ጠብቆ ነው። እኛ በስደት ያለን ሰዎች በዚህ ላይ ለመፍረድ መቸኮል የለብንም። በራሽን ማሽላ እንጀራ ለመጋገር የምንታገለው ለምንድን ነው? ገንፎ ቢሆን ይቀል ነበር።

ዳሩ ግን ምግብን እምቢ ማለትና ሰውን እምቢ ማለት ሁለት ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ራሱ ያስረዳል። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎውል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። እነዚያ ተማሪዎች ኮሸር በሉም አልበሉም ማንም አልጠየቃቸውም፤ የተጠላው ትውልዳቸው ነበር። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የሚመገቡት በየመብል ክበባቸው ነበር፤ አዲስ አባል የሚመርጡትም ነባሮቹ ናቸው። በ1958 በተደረገው ምርጫ 23 ተማሪዎች ከየትኛውም ክበብ ሳይጠሩ ቀሩ፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ አይሁድ ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ከማዕዱ ለመቀመጥ የፈለጉ፣ በራፉን ያንኳኩ ልጆች ናቸው። ማዕዱ ነው እነርሱን እምቢ ያላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ በዚያው በፕሪንስተን ሕጉን የሚጠብቁ ተማሪዎች ያቭኔ ቤት የተባለ የራሳቸውን የኮሸር መመገቢያ ከፈቱ። በ1971 ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጉዳዩን የእኔ ነው ብሎ በስቲቨንሰን አዳራሽ የኮሸር ማዕድ አቆመ።

እነዚህን ሁለት ማዕዶች አስተያዩአቸው። የክበቡ ማዕድ ምግቡ ለሁሉ የሚሆን፣ በሩ ግን ለአንዳንዱ የተዘጋ ነበር። የኮሸሩ ማዕድ ሕጉ የጠበቀ ነው፤ ክርስቲያን ቢመጣ ግን ይበላል፣ ሙስሊም ቢመጣ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ ሃይማኖት የለኝም የሚልም ይበላል። እንዲህ ያለውን ተማሪ «አትለየን» ብሎ ከመውቀስ ይልቅ «ዛሬ አንተ አብስለህ ጋብዘን» ማለት ይሻላል። ሕጉ ከእኛ ድስት ይከለክለዋል እንጂ ከእርሱ ድስት እኛን አይከለክልም።

እስከ አሁን የጻፍሁት ሁሉ መምህር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚናገረው ዓይነት ነው። ነገሩ ግን እኔንም ይነካኛል፤ ስለዚህ የራሴን በደል ልናገር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ አምስት ሆነን ተላክን። አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እናበስል ነበር። አራታችን ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ነበር። ሥጋ ስንገዛ ከሙስሊም ልኳንዳ የተገዛው ለእርሱ፣ ከክርስቲያን ልኳንዳ የተገዛው ለእኛ ይሆናል፤ ድስቱም ሁለት ነበር። አንድ ቅዳሜ የእርሱ ልኳንዳ ተዘግቶ አገኘነው። ከእኛ አንዱ «ምን ያውቃል፤ ሥጋ ሥጋ ነው» አለ። እኛም ሳቅን። ከክርስቲያኑ ልኳንዳ ገዝተን በእርሱ ድስት ሠራን፤ «የአንተው ነው» አልነውና በላ። ማታ ከመካከላችን አንዱ ሳቁን መያዝ ስላልቻለ ነገሩ ወጣ። ይጮሃል፣ ይማታል ብለን ነበር። እርሱ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠና «ሥጋው በእናንተ ይሁን፤ አላህ ያላወቀ ሰው አይዝም። እኔን ያሳዘነኝ ቃላችሁ ነው» አለን። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅነው፤ ይቅርም አለን። ልምምዱ እስኪያልቅ ሳቀ፣ ተጫወተ፣ ትምህርት አሳየን። ከእጃችን ግን ዳግመኛ አልበላም፤ ሽሮ እንኳ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ኋላ ስለ አይሁዳዊው ተማሪ ሳነብ ገባኝ። የምግብ ሕግ የሚጠብቅ ሰው ሕጉን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም። ሲታረድ አልነበረም፤ ሲበስል አልነበረም። ስለዚህ ኅሊናውን በሌላ ሰው ቃል ላይ ያሳድራል። አይሁድ ይህን በሚገባ አስበውበታል። በወጥ ቤቱ ውስጥ ማሽጊያኽ የሚባል ተቆጣጣሪ ያቆማሉ፤ ሥራው ምን እንደ ገባ፣ ምን ከምን እንደ ነካካ ማየት ነው። በፋብሪካ ምግብም ላይ የተቆጣጣሪዎቹ ማኅተም ይታተማል፤ ከሁሉ የታወቀው በክብ ቀለበት ውስጥ የተጻፈች አንዲት የላቲን ፊደል ናት። አንድ ልጅ በሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ አንሥቶ ያችን ፊደል ሲፈልግ ያየ ሰው «ምን ዓይነት ጭንቅ ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን በማያውቁት ሰው ቃል መታመን ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያች ፊደል ነው። ቃሉ እውነት ከሆነ ተማሪው ከቤቱ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይበላል፤ ውሸት ከሆነ ግን በእናቱም ሰፈር ይራባል።

ከዚህ በመነሣት ዕዳውን በሁለት ወገን ልከፍለው እችላለሁ።

የባለ ማዕዱ ዕዳ አንደኛ እውነትን መናገር ነው፤ በድስቱ ውስጥ ያለውን፣ ድስቱም ቀድሞ የሠራውን። ሁለተኛ መጠየቅን አለመተው ነው፤ «ምን ላቅርብልህ? ምን ይሆንሃል?» ማለት። ሦስተኛ የሚቻለውን ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ወሰን አለ። በ1997 በዬል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አጥባቂ አይሁድ ተማሪዎች ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ማደሪያ መኖር ከሃይማኖታችን ጋር ይጋጫል፣ ከግቢው ውጭ እንድናድር ይፈቀድልን ብለው ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው አብሮ መኖር የትምህርቱ ክፍል ነው ብሎ ተከራከረ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2000 ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አንባብያን ይከራከሩበት። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ አብሮ መኖር ትምህርት ከሆነ፣ ትምህርቱ ለሚለየው ልጅ ብቻ የተሰጠ ሊሆን አይገባም። አብረውት የሚኖሩትም ስለ እርሱ አንድ ነገር መማር አለባቸው።

የእንግዳውም ዕዳ አለ። አንደኛ ምክንያቱን በግልጽና በትሕትና መናገር ነው፤ «ርቦኝ አይደለም» እያለ ሰበብ የሚያበዛ ሰው ሌላውን ለክፉ ግምት ይጋብዛል። ሁለተኛ ባይበላም መቀመጥ ነው። ውሃም ቢሆን ይዞ፣ ብርቱካንም ቢሆን ልጦ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ መቀመጥ። ሦስተኛ በተራው መጋበዝ ነው። አራተኛና ከሁሉ የሚከብደው፣ በሕጉ አለመኩራት ነው። ሕጉን ጠብቆ የማይጠብቀውን የሚንቅ ሰው አፉን ከእርኩስ ነገር ጠብቆ ልቡን ሳይጠብቅ ቀርቷል።

ሁለቱ ዕዳዎች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት የዳርትመዝን ኮሌጅ እንመልከት። በ2001 በዚያ ኮሌጅ ለአይሁድ ኮሸር፣ ለሙስሊሞች ሐላል የሚያቀርብ አንድ የመመገቢያ አዳራሽ ተከፈተ። ብዙ ሙስሊም ሊቃውንት የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ ይፈቅዳሉ፤ አይሁዳዊው ግን የሐላሉን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ዕቃው ይለያል፣ ወንበሩ ግን አንድ ይሆናል። የአገራቸው ሰዎች ወሬ ሁሉ ጦርነት በሆነበት ዘመን ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ከየሳህናቸው ይበላሉ። ትልቅ ነገር ነው አልልም። ነገር ግን ምግባቸው ባለ መቀላቀሉ ያጡት ምን እንደ ሆነ ብፈልግ አላገኘሁም።

ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ ከአገራችን አውቀዋለሁ። በጎንደርና በአካባቢው ቤተ እስራኤል በኦሪት ሕግ ሲኖሩ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም ነበር፤ ከሌላው ጋር ከተነካኩም ታጥበው ወደ ቤት ይገቡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ስለዚህ ሥርዓት አልጠየቁም፤ «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው። ሸክላ የምትሠራላቸውን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጥላቸውን ሰው ቡዳ አሉት። «ከእኔ አይበላም» የሚለው ነገር ሳይመረመር ሲቆይ «እኔን ይበላኛል» ወደሚል ሐሜት ተለወጠ። በ1984 በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰድደው በኡም ራኩባና በሌሎች ካምፖች ሲሰፍሩ፣ ብዙዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በዚያ ዓመት በመንገድና በካምፕ በረሃብና በበሽታ ያለቁት እጅግ ብዙ ናቸው። የተደበቁት ከመንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ከድንኳን ጎረቤትም፣ አማርኛና ትግርኛ ከሚናገር ከገዛ አገራቸው ሰውም ነበር። ስደተኛ ከስደተኛ የሚደበቅበት ካምፕ ምን ያህል ጨለማ እንደ ሆነ እስቲ አስቡት።

በመጨረሻ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ተማሪ ላስታውስ። ዳንኤል ከሦስቱ ጓደኞቹ ጋር ወደ ባቢሎን የተወሰደ ስደተኛ ነበር። የአገሩን ቋንቋና ትምህርት ሦስት ዓመት እንዲማር፣ ከንጉሡም ማዕድ እንዲበላ ታዘዘለት። ትምህርቱን ተቀበለ፤ ምግቡን ግን አልተቀበለም። እንዴት እንደ ተናገረ ተመልከቱ። የንጉሡን ማዕድ አልሰደበም። ለኃላፊው ለምኖ ነገረው፤ የኃላፊውንም ፍርሃት ሰማ፤ ከዚያም 10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ተሰጥቶን ተመልከቱን አለ። ኃላፊውም ሰው ነበረና ሰማው። በዚያ ቤተ መንግሥት ሁለቱም ዕዳቸውን ከፈሉ፤ አንዱ በግልጽ ተናገረ፣ ሌላው ሳይቆጣ አዳመጠ።

በዚህ ካምፕ በየወሩ የሚሰፈርልን ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ማሽላ፣ ዘይትና ምስር። ምስሩን የጾመም ያልጾመም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያ የአሜሪካው ተማሪም ቢመጣ ድስቱ ንጹሕ ከሆነለት ይበላዋል። የዳንኤል ምግብ ነው። ስለዚህ በለቅሶና በደስታ ቀን ከሥጋው ድስት ጎን ሥጋና ቅባት ነክቶት የማያውቅ አንድ የምስር ድስት እንዲጣድ፣ ድስቱንም የምትጠብቅ ቃሏ የታመነ አንዲት ሴት እንድትመረጥ በዚህ ጽሑፍ አሳስባለሁ። ወጪው ጥቂት ነው።

አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ያ በለቅሶው ድንኳን እጁን በደረቱ ላይ ያደረገው ጎረቤታችን ፍትፍቱን ባይበላም ፊቱን አልነፈገንም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ቀድቷል። ፊታችንን የነፈግነው እኛ ነን። ትናንት ወደ ቤቱ ሄጄ ይህንኑ ነገርሁት። ሻይ አፈላልኝና ጠጣሁ።